የኤልዉድ ያላለቀ ጠመንጃ

ቬርዳ ሬንትዝ በገዛ ጠረጴዛዋ ላይ ቁጭ ብላ እራት ከበላች ዘመን ሆኗታል። ጠረጴዛውማ አለ፤ የትም አልሄደም። ማዕድ ቤቱ ውስጥ መስኮቱ ሥር፣ ብርሃን ደህና አድርጎ በሚገባበት ቦታ ተገትሯል። ግን ላዩ ላይ ጠመንጃ አለ። ጠመንጃ ማለትም ይከብዳል፤ ያለው የጠመንጃ ብልት ነው። እዚህ አፈሙዝ፣ እዚያ ምላጭ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ማነጣጠሪያ መነፅር፣ ጣሳ ሙሉ ብሎን፣ የተልባ ዘይት፣ ሞረድ፣ ቡትቶ ጨርቅ፤ መሃል ላይ ደግሞ እንደ ታማሚ ፎጣ ተነጥፎለት የተጋደመ የዋልነት እንጨት ሰደፍ። ባልና ሚስቱ ሰሐናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሳሎን ይበላሉ። መረቅ ያልፈሰሰበት ቀሚስ የላትም።

ኤልዉድ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ክፉን ሰው ጥለውት ይሄዳሉ። ዕድሜ ልኩን በእንጨት መሰንጠቂያ ቤት ሠርቶ፣ ደመወዙን ሳይሸራርፍ እያመጣ፣ ሁለት ወንድ ልጆች ከእሷ ጋር አሳድጎ፣ ሁለቱንም ሩቅ አገር ኩሎ ድሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እሷም የመንደሩ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ድንች ስትልጥ ኖራ ነው ጡረታ የወጣችው። ዛሬ በዚያ አውራጃ ያለ ጎልማሳ ሁሉ የቬርዳን ድንች በልቶ ያደገ ነው። ጡረታ ስትወጣ የተመኘችው አንድ ነገር ነበር፤ ባሏ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ እራት መብላት። ያገኘችው የብርጭቆ ወረቀት ድምፅ ነው።

ሽ፣ ሽ፣ ሽ። ያሻል። በአውራ ጣቱ ይዳብሳል። ወደ መስኮቱ ዞሮ ያየዋል። ራሱን ይነቀንቅና እንደገና ያሻል። መቼ ነው የሚያልቀው ሲሉት "ትንሽ ነው የቀረው" ይላል። ያቺ ትንሽ ከአሥር ዓመት በላይ ሆናታል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው እንግዲህ።

ታዲያ ይሄን ያህል ዓመት አንድ ጠመንጃ መጨረስ ያቃተው ሰው ዝም ቢል ምን ነበረበት? አይልም። የአውራጃው ሁሉ አማካሪ እሱ ነው። ጠመንጃ የሚያምረው ጀማሪ ሁሉ ወደ ኤልዉድ ይመራል።

ዘንድሮ የመጣው ኬንት ነበር። ኬንት አዲሱ ፖስተኛ ነው፤ ከነሚስቱ ከፊላደልፊያ የመጣ፣ አሁንም በረዶ ላይ እንደ ዳክዬ የሚራመድ ልጅ። ኤልዉድ በፖስታ የሚያዘውን ብሎንና ቁልፍ ሁሉ እሱ ነው የሚያመላልሰው። የጥቅምት ማለቂያ ላይ አንድ ጠዋት ጥቅሉን ሰጥቶ መሄድ ሲገባው በሩ ላይ ቆመ።

"አቶ ሬንትዝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የመሥሪያ ቤት ልጆች ዘንድሮ ለአጋዘን አብረኸን ውጣ ብለውኛል። ጠመንጃ በሕይወቴ ይዤ አላውቅም። ልግዛ ወይስ ዕቃ ዕቃውን ገዛዝቼ ራሴ ልሥራው?"

ቬርዳ የምትልጠውን ድንች አስቀመጠች። ወይ ጉድ፣ አለች በሆዷ፤ ይሄን ጥያቄ በዚህ ቤት?

ኤልዉድ ፊቱ በራ። "ተቀመጥ" አለው። መቀመጫ ግን አልነበረም፤ ወንበሮቹ ሁሉ ሞርሳና ሳጥን ተሸክመዋል። ኬንት እንደ ቆመ ስብከቱን ሰማ። "የሱቅ ጠመንጃ ማለት የሱቅ ኮት ማለት ነው ልጄ። ለሁሉም ተሰፍቶ ለማንም የማይሆን። ራስህ የሠራኸው ግን ክንድህን ያውቃል፣ ትከሻህን ያውቃል። ስታነሳው ከአንተው ሰውነት የበቀለ ነው የሚመስለው። ሥራ። ምንም እንዳታመነታ፣ ሥራ።"

"የእኔ የሱቅ ነው" አለች ቬርዳ። "ከብረታ ብረት መደብር፣ ከአካፋና ከቀለም ጎን ተሰቅሎ ነው የገዛሁት። ፍሪዘሩን ክፈትና እይ።"

ፍሪዘሩን ማየት አላስፈለገውም። ቬርዳ በየዓመቱ ከቤቱ ጀርባ ካለው የፖም ዛፍ ሥር ተቀምጣ አንድ አጋዘን ጥላ እንደምትገባ አገር ያውቃል። ኬንትም የአጋዘን ቋሊማ ተሰጥቶት በልቷል።

"እሷ ዕድለኛ ናት" አለ ኤልዉድ። "አንተ ግን አትቸኩል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

"ያንተ እንቁላል ገምቷል ኤልዉድ" አለች። "አሁን የቀረው ሽታው ነው።"

ልጁ ሳቀና ሄደ። ቬርዳ ግን አልሳቀችም። ይሄ ነገር እንዴት እንደተጀመረ ታውቃለቻ።

የአደን ካምፕ ሕግ የታወቀ ነው። ወንዶቹ በኅዳር፣ ከምስጋና በዓል በኋላ ጫካ ውስጥ ያለች አሮጌ ጎጆ ይገባሉ፤ ሰኞ ማለዳ አደን ይከፈታል። አጋዘን ተኩሶ የሳተ ሰው ማታ እሳት ዳር ይቆምና የሸሚዙ ጭራ በመቀስ ይቆረጣል። ቁራጩ ላይ ስሙና ዓመቱ ተጽፎ ግድግዳው ላይ በምስማር ይመታል። ይሳቃል፣ ይጠጣል፣ ያልቃል። በዚያ ግድግዳ ላይ የኤልዉድ አባት ሸሚዝ ቁራጭ አለ፣ የቄሱ አለ፣ የዳኛው አለ።

የራሱ የኤልዉድ ግን አልነበረም። ስቶ አያውቅም ነበርና ይኮራበት ነበር፤ የሌሎቹን ሲቆርጥ ደግሞ ተረቡ አያድርስ ነው። አንድ ዓመት ታዲያ ግድግዳ የሚያክል አጋዘን ጎኑን ሰጥቶት ቆሞለት ሳተው። መቀሱን የያዘው ታላቅ ወንድሙ ክላይድ ነበር። ኤልዉድ "ጠመንጃው ነው" አለ። ወንዶቹ ይብስ ሳቁ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። እሱ ግን ከምሩ ነበር፤ ሲመለስ መንገድ ላይ ጠመንጃውን ሸጠው፤ እቤት ገብቶም "ከእንግዲህ ካምፕ የምሄደው በገዛ እጄ የሠራሁትን ይዤ ነው" አለ። ይኸው ነው። እሱ ሰደፍ ሲያሽ ክላይድ በየመኸሩ ይደውላል፤ "ትንሹ አለ? ዘንድሮስ ይመጣል?" ይላታል። ትንሹ ሰባ ዓመት አልፎታል።

ኬንት ከሄደ በኋላ ባለው ሳምንት ክላይድ አልደወለም፤ ራሱ መጣ። የኦክስጅን ሲሊንደሩን እንደ ውሻ በስተኋላው እየጎተተ ደረጃውን ለመውጣት ሁለት ጊዜ አረፈ። ቬርዳ የሞርሳውን ሳጥን ከአንድ ወንበር ላይ በእግሯ ገፍትራ ጥላ አስቀመጠችው። ድሮ የጥድ ግንድ ብቻውን ይሸከም የነበረ ሰው ነው። አሁን አንገቱ ከሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ ጠፍቷል።

"ሐኪሙ ዘንድሮን ተጠቀምበት አለኝ" አለ ትንፋሹን እየሰበሰበ። "ሲናገር ደግሞ ጫማዬን ነው የሚያየው። ስለዚህ ትንሹ፣ እንሂድ። ያቺ ድሮ አብረን የምናደባባት ጉቶ ጋ በመኪና ያደርሱኛል፤ ጠይቄያለሁ። ጎን ለጎን እንቀመጥ። እኔ መተኮሱን ትቼዋለሁ፤ ቡናህን እይዝልሃለሁ።"

ኤልዉድ ብርጭቆ ወረቀቱን አልጣለም። "ዘይቱ አልደረቀም እኮ ክላይድ" አለ። "ገና ሁለቴ መቀባት አለበት። ከዚያ አፈሙዙ..."

ክላይድ ሰደፉን አየው። እጁን ዘርግቶ ዳበሰው። "ያምራል" አለ። ጥቂት ተቀምጦ ተነሳ።

ቬርዳ እስከ መኪናው ሸኘችው፤ ሲሊንደሩን አንስታ ጎኑ አስቀመጠችለት። "አትቆጪው" አላት።

"ማን ይቆጣው ታዲያ? አንተ መቆጣት ትተሃል።"

"እኔ ትንፋሽ የለኝም" አለና ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረበት፤ ሳሉ እስኪያልፍ መሪው ላይ ተደግፎ ቆየ። መኪናው ከጠመዝማዛው እስኪሰወር ቬርዳ ከበረንዳው አልገባችም። ክላይድ ነው እሷንና ኤልዉድን ያስተዋወቃቸው፤ እሱ ነው ይሄን ቤት ጣራ ያለበሰው።

እቤት ስትገባ ያ ድምፅ ተቀበላት። ሽ፣ ሽ፣ ሽ።

"ሞት ዘይት እስኪደርቅ አይጠብቅም" አለችው።

ወረቀቱን አገላብጦ ማሸቱን ቀጠለ።

"የእኔን ጠመንጃ ውሰድ። ዘንድሮ ሥጋ ቢጎድለኝ አልሞትም።"

"የሱቅ ጠመንጃ ይዤ?" አለ ቀና ብሎ። "እዚያ ግድግዳ ሥር?" ተመልሶ ማሸት። ከዚያ በኋላ ብትለምነው፣ ብትሰድበው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። አንድ ቀን ብርጭቆ ወረቀቱን ሁሉ ሰብስባ ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። ሌላ ገዝቶ መጣና ካቆመበት ቀጠለ። ከዚህ ሰው ጋር መጣላትም አይቻልም፤ ያናድዳል።

አደን ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው ኬንት እንደገና በሩ ላይ ቆመ። በዚህ ጊዜ ፖስታ አልነበረም የያዘው፤ ካርቶን ነበር። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ ምክሩን ሰምቶ ዕቃውን ሁሉ ገዛዝቷል። አንዱ ከአንዱ አልገጥም ብሎታል። ሰደፉ ለሌላ ዓይነት ጠመንጃ የተሠራ ነው፤ አፈሙዙ ውስጡ ሲቀመጥ እንደ ሕፃን ጥርስ ይወዛወዛል። ትንሽ ልፋቀው ብሎ በቢላዋ ሞክሮም አበላሽቶታል።

"ሚስቴ እየሳቀችብኝ ነው" አለ። "ልጆቹ ሰኞ በማለዳ ይወስዱኛል። ምን ይሻላል አቶ ሬንትዝ?"

ኤልዉድ ካርቶኑ ላይ ጎንበስ አለ። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እያነሳ እንደ አያት ፈገግ ይል ጀመር። "ምንም አይደል" አለ። "ምንም አይደል። ይሄ ይስተካከላል። ዘንድሮ ይለፍህ። ለመጪው ዓመት ይደርሳል።"

ለመጪው ዓመት። ቬርዳ ያን ቃል ስትሰማ በእጇ የነበረውን ማማሰያ ድስቱ ውስጥ ለቀቀችው።

"ስማ ኬንት" አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ኤልዉድ እሱን ሲሰማ ነው ቀና ያለው። "እኔም ልምከርህ፤ ግዛ። ለምን በለኝ። የሱቅ ጠመንጃ አንድ ደግ ነገር አለው፤ ስትስት ትሰድበዋለህ። ፋብሪካው ነው ትላለህ፣ መነፅሩ ነው ትላለህ፣ መንገድ ላይ ትሸጠዋለህ። መልስ አይሰጥህም። በእጅህ የሠራኸውን ይዘህ የሳትክ ለት ግን ማንን ትሰድባለህ? ማንንም። ስለዚህ፣ ሰው ምን እንደሚያደርግ ልንገርህ። አይጨርሰውም። ያላለቀ ጠመንጃ ስቶ አያውቅም። ሲያሹት መኖር ነው። ወንድም ይሙት፣ ሚስት ጭኗ ላይ ትብላ፣ ማሸት ነው።"

ኬንት ካርቶኑን ያይ ጀመር። ቬርዳ ይሄን ነገር ያወቀችው ዛሬ አልነበረም፤ ቆይታለች። ግን አንድም ቀን ከአፏ አውጥታው አታውቅም ነበር። አሁን ወጣ፤ ወደ ኋላ አይመለስም። ኤልዉድ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ጣት በጣት፣ በዝግታ። ኮቱን አንስቶ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ከጓሮ የማገዶ ፈለጣ ድምፅ ይሰማ ጀመር። ያን ቀን የፈለጠው እንጨት ለሁለት ክረምት ይበቃል።

እሷ ልጁን በራሷ መኪና ወደ ብረታ ብረት መደብሩ ወሰደችው። ከአካፋና ከቀለም ጎን የተሰቀለውን ተራ ጠመንጃ ገዛ። ከዚያ ከመንደሩ ጀርባ ወዳለው ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ ወስዳ፣ የወረቀት ሰሐን ዛፍ ላይ ለጥፋ፣ ብርድ እጁን እስኪያደነዝዘው አስተኮሰችው። በመጨረሻ ሰሐኑን መምታት ለመደ። "በቃ" አለችው። "አሁን ከሳትክ ጥፋቱ የእኔ ነው በል፤ ፈቅጄልሃለሁ።" እሱ ሳቀ፤ እሷ ስለ ባሏ እያሰበች ነበር፤ አበዛሁት ይሆን እያለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ጸጥ አለ። ኤልዉድ አላሸም። አልተናገረምም። ሳሎን ተቀምጦ መስኮቱን ያያል። ቬርዳ ዝምታው ከማሸቱ የባሰ ሆኖ አገኘችው፤ በዚህም ተናደደች። ሰው እንዴት አሽቶም ዝም ብሎም ያናድዳል?

እሁድ ከምሳ በኋላ ብርቱካናማ የአዳኝ ሰደርያውን ለብሶ፣ ቀይ ዳማ ዳማውን የሱፍ ሸሚዝ ከሥር አድርጎ፣ ሻንጣውን ይዞ ማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ያንን ሸሚዝ ከሳተበት ዓመት ወዲህ ለብሶት አያውቅም። ጭራውን እሷ በሌላ ጨርቅ ቀጥላለት ነበር፤ ቀለሙ ትንሽ ይለያል።

"ያቺን የሱቅሽን አውሺኝ" አለ።

ቬርዳ ከቁም ሣጥኑ አውጥታ ሰጠችው። "እንዳትሰድባት" አለችው። "እሷ ካንተ ጋር ጸብ የላትም።" መኪናው ሲነሳ ግን ድስት ማጠቢያው ላይ ቆማ አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ ሰሐኖቹን አለቅጥ እያንጓጓች ታጥብ ጀመር።

ረቡዕ ከሰዓት ተመለሰ። ፊቱ በብርድ ቀልቷል። ኮቱን ሊሰቅል ዞር ሲል ሸሚዙን አየችው። ጭራው የለም፤ እሷ የቀጠለችው ቁራጭም ከነክሩ ሄዷል፤ ጀርባው ሥር የውስጥ ልብሱ ይታያል።

"ማን ነው የቆረጠው?"

"ክላይድ ነዋ። ሌላ ማን ይደፍራል?" ሰደርያውን ወንበር ላይ ጣለ። "እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰያፍ አድርጎ ነው የቆረጠው፤ ጀርባዬን ሊወጋኝ ነበር። አሁን ሁለቱም ጎን ለጎን ነው የተመቱት፤ የድሮውና ያሁኑ። አንተ በዚህ ከቀጠልክ ሙሉ ሸሚዝ ይሆነኛል አለኝ። ከዚያ ሳቀ፤ ሳቁ አላቆም ብሎ ኦክስጅኑን ከፍ አደረግንለት፤ እሱ እንደሆነ እየሳቀ ነው።"

"አጋዘኑ ሩቅ ነበር?"

"ከዚህ እስከ ምድጃው።"

ቬርዳ ምድጃውን አየች። "ጠመንጃው ነው?" አለች፤ መጠየቅ ነበረባት።

ኤልዉድ ጠመንጃዋን ጠርጎ ወደ ቁም ሣጥኑ መለሰው። "አይ" አለ። "ጠመንጃው ደህና ነው። እኔ ነኝ።"

ኬንትም በዚያ ሳምንት አንድ ትንሽ አጋዘን ጣለ። ላገኘው ሰው ሁሉ እያወራ፣ ለቬርዳ የአጋዘኑን ግማሽ ጭን አመጣላት። ኤልዉድ "ጎበዝ" አለው፤ ስለ መግዛትና ስለ መሥራት አንዳች አልተናገረም።

ክላይድ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ሞተ። ስልኩን ያነሳችው እሷ ናት። ከቀብር በኋላ ሰው የሚበላው እነሱ ቤት ስለነበር ኤልዉድ ሳትጠይቀው ማዕድ ቤት ገባ። አፈሙዙን፣ ምላጩን፣ ጣሳውን፣ ሰደፉን አንድ በአንድ ሳጥን ውስጥ ከትቶ ምድር ቤት አወረደው። ጠረጴዛው ላይ ዘይቱ የሰደፍ ቅርጽ አትሞ ቀርቷል። ቬርዳ የምትለው አልጠፋትም፤ ግን ዋጠችው፤ የጠረጴዛ ልብስ አነጠፈችበት።

ለቀብሩ ነጭ ሸሚዙን ተኩሳ አልጋ ላይ አኑራለት ነበር። በጥድፊያ ወጡና ምን እንደ ለበሰ ልብ አላለችም። መቃብሩ ጋ የካምፑ ወንዶች ሬሳ ሣጥኑን ሊያነሱ በግራና በቀኝ ተሰለፉ። ኤልዉድ ጎንበስ ሲል ጥቁር ኮቱ ከኋላ ተሰበሰበ፤ ከሥሩ ያ ቀይ ዳማ ዳማ ሸሚዝ ወጣ፤ ሰያፍ ተቆርጦ፣ ጭራ ሳይኖረው።

መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው። ቄሱ ፊት፣ ዘመድ አዝማድ ፊት፤ ያን ያህል የተኮሰችው ሸሚዝ አልጋ ላይ ተኝቶ። ከኋላ የቆሙት የካምፑ ሽማግሌዎችም አይተውታል፤ አንዱ ባርኔጣውን አፉ ላይ አደረገ፤ ይሳቅ ያልቅስ አላወቀችም። ኤልዉድ ሣጥኑን አንስቶ ጭቃው ላይ መራመድ ጀመረ።

ቬርዳ ከሴቶቹ መሃል ወጥታ ከኋላው ደረሰች። ኮቱን ወደ ታች ሳብ አድርጋ ጀርባውን ሸፈነችለት፤ ተመልሶ እንዳይሰበሰብም እጇን እዚያው ላይ አድርጋ እስከ ጉድጓዱ ድረስ አብራው ሄደች።